ማሳደጊያ ከመክፈት በፊት የአያትየዋን በር ማንኳኳት

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

በዓል በተቃረበ ቁጥር ጋዜጦች ላይ የሚወጣ አንድ ዓይነት ፎቶግራፍ አለ። ሕፃናት ተሰልፈው ቆመዋል፣ ከፊታቸው ዘይት፣ ዱቄትና ፓስታ ተደርድሯል፣ ከኋላ ስጦታውን ያመጡት ሰዎች ይታያሉ። ሰዎቹ የሰጡት ከልባቸው ነው። በዓሉ ሲያልፍ ከእነዚሁ ደጋግ ሰዎች አንዳንዶቹ አንድ እርምጃ ይጨምሩና «ሱሉልታ ላይ ቦታ አለን»፣ «ሰበታ ላይ ጅምር ቤት አለን፣ ለሕፃናት ማሳደጊያ ይሁን» ይላሉ። በአዲስ አበባ ዙሪያ በሕፃናትና በቤተሰብ አገልግሎት የምንሠራ ሰዎች ይህን ደብዳቤ የጻፍነው ለእነሱ ነው። ቦታውም ገንዘቡም ያስፈልጋል። የምንለምነው ቤቱ ከመሠራቱ በፊት ልጁ የወጣበት በር እንዲንኳኳ ነው፤ ከዚያ በር ኋላ አብዛኛውን ጊዜ እናት፣ አያት ወይም አክስት አለች።

ወላጅ ያጣን ልጅ ማሳደግ ለአገራችን አዲስ ነገር አይደለም። ዛሬ በቤተሰብ ሕጋችን ውስጥ የምናነበው «ጉዲፈቻ» የሚለው ቃል የኦሮሞ ባህል ነው፤ በሌላውም አካባቢ «የጡት ልጅ» የሚባል ወግ ነበር። በሁለቱም ልጁ የሚገባው ሰው ቤት ነው፤ የሚጠራውም በዚያ ቤት ልጅነት ነው። በግቢ የታጠረ ማሳደጊያ ከዚያ በኋላ የመጣ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ክበበ ፀሐይ ትንንሾቹን፣ ቀጨኔ ሴቶቹን፣ ኮልፌ ወንዶቹን የሚቀበሉ የመንግሥት ማሳደጊያዎች ሆነው ብዙ ልጅ አሳልፈዋል። ረሃብ ሲመጣ ደግሞ የበጎ አድራጎት ድርጅቶች መጡ። ሄርማን ግማይነር እ.ኤ.አ. በ1949 በኦስትሪያ ኢምስት ከተማ የጀመሩት የኤስ ኦ ኤስ የሕፃናት መንደር አገራችን የገባው በሰሜን የደረሰውን ረሃብ ተከትሎ እ.ኤ.አ. በ1974 መቀሌ ላይ ነው። ያ መንደር አንዲት እናት፣ ጥቂት ልጆችና የራሳቸው ምድጃ ያለው ቤት ይዞ ነው የተነሳው፤ ማለትም ማሳደጊያም ሆኖ ቤተሰብን ለመምሰል ይጥር ነበር።

ወይዘሮ አበበች ጎበና እ.ኤ.አ. በ1980 ለግሸን ማርያም ወሎ ሄደው፣ ከሞተች እናቷ አጠገብ የነበረች ሕፃን ጨምሮ ሁለት ልጆች ይዘው ተመለሱ። በዓመት ውስጥ ልጆቹ 21 ሆኑ። ሰኔ 27 ቀን 2013 ዓ.ም. በኮቪድ ምክንያት እስካረፉ ድረስ የሠሩትን ሥራ ብዙ ሰው የሚያስታውሰው በማሳደጊያው ብቻ ነው። ድርጅታቸው ግን በትምህርት፣ በሙያ ሥልጠናና በሴቶች ገቢ ላይም ሠርቷል፤ ይህ ክፍል ከማሳደጊያው እኩል ሊነገርለት ይገባል ብለን እናምናለን። ከ1977 ዓ.ም. ረሃብ ጋር የተነሳው ኢየሩሳሌም የተባለው የሕፃናት ድርጅት ደግሞ ከሌሎቹ ቀድሞ አቅጣጫውን ለወጠ። ልጆች ሰብስቦ ማሳደግ ጀምሮ ሳለ፣ በኋላ ልጆቹን ከዘመድ ጋር ማገናኘትና አካባቢውን ከእድሮች ጋር ሆኖ መደገፍ ዋና ሥራው አደረገ። ዛሬ ማሳደጊያ ለመክፈት የሚያስብ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ ሊያነበው የሚገባው ይህን ታሪክ ነው።

ከዚያ በኋላ የውጭ አገር ጉዲፈቻ ዘመን መጣ። ወደ አሜሪካ ብቻ ከ15,000 በላይ ልጆች ሄዱ። እ.ኤ.አ. በ2011 የሴቶች፣ ሕፃናትና ወጣቶች ጉዳይ ሚኒስቴር በቀን የሚያያቸውን ፋይሎች ወደ አምስት ዝቅ አደረገ፤ በ2010 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 1070 ደግሞ ጉዲፈቻው ጭራሽ ቆመ። በዚያ ዘመን ከጉዲፈቻ ወኪሎች በሚመጣ ገንዘብ ይኖሩ የነበሩ ማሳደጊያዎች ገንዘቡ ሲደርቅ ቆመው መሄድ አልቻሉም። የልጅ ቁጥር ገቢ የሚያመጣበት ቤት ልጁን ወደ ዘመዱ ለመመለስ አይቸኩልም፤ ዛሬም በልጅ ቁጥር የሚሰላ የስፖንሰር ገንዘብ ያው አደጋ አለበት። ለድርጅት ገንዘብ የምትሰጡ ሰዎች ክፍያው ልጁ ወደ ቤተሰቡ ከተመለሰም በኋላ ቢያንስ ለአንድ ዓመት እንዲቀጥል በውሉ ላይ አስጽፉ። ይህች አንድ ዓረፍተ ነገር ብዙ ልጅ ወደ ቤቱ ትመልሳለች።

«የሙት ልጅ» ሲባል ሁለቱንም ወላጆቹን ያጣ ብቻ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። በዓለም አቀፍ ቆጠራ ግን አንድ ወላጅ ያጣም ይገባበታል። የኤች አይ ቪ መድኃኒት እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ በነፃ መሰጠት ከጀመረ ወዲህ ደግሞ በፊት ትሞት የነበረች እናት ልጇን ታሳድጋለች። በከተማዋ ዙሪያ፣ ከአስኮ ማዶ እስከ ቡራዩ፣ ከአቃቂ እስከ ገላን፣ በኮዬ ፈጬና በቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየሞች ልጅን ከቤት የሚያወጣው ከወላጅ ሞት ይልቅ የቤት ኪራይ ነው። እናት ዓረብ አገር ሄዳ ብር መላክ ስታቆም ነው። እንጀራ አባት ልጁን አልፈልግም ሲል ነው። በቀን ሥራ የምትኖር ሴት ሕፃኑን የምታስቀምጥበት ስታጣ ነው። እነዚህ ሁሉ ልጁ ቤቱ እያለ የሚፈቱ ናቸው።

ማሳደጊያ ምን እንደሚያስወጣ ሂሳቡን ቁጭ ብለን እንሥራው። 20 ጨቅላ ሕፃናት ያሉበት ቤት እንውሰድና፣ አንዲት ሞግዚት አምስት ሕፃናት ትያዝ እንበል። በእያንዳንዱ ሰዓት አራት ሞግዚት መኖር አለባት። ሳምንት 168 ሰዓት ነው፤ በአራት ሲባዛ 672 ይሆናል። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ አንድ ሰው በሳምንት የሚሠራው 48 ሰዓት ስለሆነ 14 ሞግዚቶች ያስፈልጋሉ ማለት ነው። የዓመት ፈቃዱ ከ16 የሥራ ቀን ይጀምራል፣ የወሊድ ፈቃድ 120 ቀን ነው፣ ሕመምም አለ፤ ስለዚህ 16 ሰው ሳይቀጠር ሌሊቱ አይሞላም። ገና ወጥ ቤቷ፣ አጣቢዋ፣ ነርሷና ጥበቃው አልተቆጠሩም። ለዚህ ያልተዘጋጀ ማሳደጊያ ሁልጊዜ የሚቀንሰው የሌሊቱን ተረኛ ነው። ጡጦ በትራስ ተደግፎ ሕፃኑ አፍ ውስጥ የሚቀመጠው ያኔ ነው፤ ትን የሚለውም፣ ጆሮው የሚመግለውም ከዚያ የተነሳ ነው።

ሂሳቡ ቢሟላ እንኳ ሕፃኑ በሳምንት ውስጥ በ16 እጆች ላይ ያልፋል፤ «የኔ» የሚላት አንዲት ሴት አይኖረውም። እ.ኤ.አ. በ2000 በሩማንያ ቡካሬስት ከተማ በ136 የማሳደጊያ ሕፃናት ላይ የተጀመረው ጥናት ይህን በግልጽ አሳይቷል። ልጅን በአደራ ተቀብሎ ወደሚያሳድግ ቤተሰብ፣ ማለትም ወደ አደራ ቤተሰብ ከገቡት መካከል ሁለት ዓመት ሳይሞላቸው የገቡት በአእምሮ እድገትም ሰውን በመቅረብም ከዘገዩት የተሻለ አገግመዋል። «ልጅ በዕድሉ ያድጋል» እንላለን፤ እስከ ሁለት ዓመት ባለው ጊዜ ግን የልጁ ዕድል የምታቅፈው አንዲት ሰው ናት።

ያው ገንዘብ ወደ ቤተሰብ ሲሄድ እንዴት ይሠራል? ከወተት እንጀምር፣ ብዙ ስህተት የሚታየው እዚያ ነውና። እናት በሕይወት ካለች የመጀመሪያው ሥራ ጡቷ እንዳይደርቅ መርዳት ነው። ኤች አይ ቪ በደሟ ያለባት እናትም መድኃኒቷን በትክክል እየወሰደች እንድታጠባ ነው የጤና ባለሙያ የሚመክራት። እናት የሌለው ጨቅላ ግን የዱቄት ወተት ያስፈልገዋል። በመጀመሪያዎቹ ወራት ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደቱ በቀን ወደ 150 ሚሊ ሊትር ይጠጣል። ሦስት ኪሎ የሚመዝን ሕፃን 450 ሚሊ ሊትር ይፈልጋል፤ ባለ 400 ግራም ቆርቆሮ ወደ ሦስት ሊትር ስለሚወጣው ስድስት ቀን ተኩል ያቆየዋል። በወር ከአራት እስከ አምስት ቆርቆሮ ማለት ነው። ያ ሕፃን ስድስት ኪሎ ሲደርስ በወር ዘጠኝ ቆርቆሮ ይጨርሳል። ረጂዎች መጀመሪያ በተስማሙት አራት ቆርቆሮ ሲቀጥሉ አያትየዋ ወሩን ለማድረስ ውኃ ታበዛበታለች። ሕፃኑ ሆዱ ሞልቶ ዝም ይላል፣ ክብደቱ ግን ይቆማል። ስለዚህ ወተት የሚሰጠው በሚዛን ነው፤ ሕፃኑ በየሁለት ሳምንቱ ይመዘናል፣ የቆርቆሮውም ቁጥር አብሮ ያድጋል። የሚበጠበጠውም ፈልቶ ብዙ ባልቀዘቀዘ፣ ከ70 ዲግሪ ባልወረደ ውኃ ነው፤ ከዚያ እስኪለዘብ ይጠበቃል። የቧንቧ ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ለአያትየዋ ከወተቱ ጋር ክዳን ያለው ጀሪካንና የሚፈላበት ነዳጅ ወይም ከሰል ካልተሰጣት ወተቱ ራሱ ተቅማጥ ያመጣል። ከጡጦ ይልቅ በንጹሕ ስኒ ማጠጣት ለማጠብ ይቀላል።

ከስድስት ወር በላይ ላሉት ሕፃናት የምግብ እጥረትን በቀለም የሚያሳየው የክንድ ዙሪያ መለኪያ ጥብጣብ እያንዳንዱ ቤት ለቤት የሚሄድ ሠራተኛ ቦርሳ ውስጥ መኖር አለበት። ከ11.5 ሴንቲ ሜትር በታች ቀይ ነው፣ በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰዳል። እስከ 12.5 ቢጫ ነው። ለዚህ ፋፋ ሰጥቶ መመለስ አይበቃም፤ ያ ሕፃን ከማን ጋር እንደሚውል መጠየቅ ይገባል።

ቤተሰቡን ማየት ራሱ ሙያ ነው። አንድ ጊዜ ሄዶ ቅጽ ሞልቶ መመለስ ምንም አይነግርም። ቢያንስ ሦስት ጊዜ፣ በተለያየ ሰዓት ይኬዳል፦ አንዱ ጠዋት፣ አንዱ ከትምህርት ቤት በኋላ፣ አንዱ ሲመሽ። ልጁ የት እንደሚተኛ፣ ከማን ጋር እንደሚተኛ፣ ውኃ ማን እንደሚቀዳ፣ ሲያመው ማን እንደሚይዘው የሚታወቀው እንዲህ ነው። ዘመድ ሁሉ መልካም ነው ማለት አይደለም። ከገጠር «ላስተምርህ» ተብሎ መጥቶ የቤት ሠራተኛ የሆነ ልጅ በዙሪያው ሰፈር ሁሉ አለ። ምልክቱ ቀላል ነው፤ የቤቱ ልጆች የትምህርት ቤት ሥራቸውን ሲሠሩ እሱ ምን ይሠራል? እንዲህ ያለ ቤት ሲገኝ ጉዳዩ በወረዳው የሴቶችና ማኅበራዊ ጉዳይ ባለሙያና በፖሊስ በኩል ይያዛል፤ ልጁን በራስ ሥልጣን ይዞ መውጣት አይቻልም።

ለእናትየዋ የሚሰጠው መቋቋሚያ ብዙ ጊዜ የሚባክነው በአንድ ጊዜ በጥሬ ብር ስለሚሰጥ ነው። ብሩ የተጠራቀመ ኪራይና የእድር ዕዳ ይከፈልበታል፤ ይህ ጥፋት አይደለም፣ አስቀድሞ መታሰብ የነበረበት ወጪ ነው። በመጀመሪያ የሦስት ወር ኪራይ ለአከራዩ በቀጥታ ይከፈላል። ከዚያ ዕቃው ከእሷ ጋር ሆኖ ይገዛል። ከ15 እስከ 20 ሴቶች በያዘ፣ በየሳምንቱ በሚቆጥብ ራስ አገዝ ቡድን ውስጥም ትገባለች። እንጀራ ጋግሮ መሸጥ ለብዙዎች ይመቻል፤ የኤሌክትሪክ ምጣድ ግን ከ3 እስከ 4 ኪሎ ዋት ይስባል። በአንድ ቆጣሪ አምስት ተከራይ በሚጠቀምበት ግቢ አከራዩ አይፈቅድም፣ ቢፈቅድም መስመሩ ይቃጠላል። ምጣድ ከመግዛት በፊት ቆጣሪው የማን እንደሆነና ስንት ሰው እንደሚጠቀምበት ይጠየቅ። መብራት በሚጠፋበት ቀን የሚሠራ የማገዶ ምጣድም ከጎኑ ይኑር፤ ደንበኛ ሁለት ቀን እንጀራ ካጣ ሌላ ቤት ይለምዳል።

ለምትሠራ እናት ደግሞ የሕፃናት ማቆያ ከማንኛውም እርዳታ ይበልጣል። ሱሉልታ ወይም ሰበታ ላይ ያ የታሰበው ሕንፃ ማቆያ ቢሆን 20 ሕፃናት ቀን ይቆያሉ፣ ማታ ወደ እናታቸው ይሄዳሉ፤ የሌሊት ተረኛ የለም፣ 16 ደመወዝ የለም። ብቻ ሰዓቱ ለእናቶቹ ይሁን። የአበባ እርሻና የፋብሪካ ሠራተኛ ጠዋት 12 ሰዓት ሰርቪስ መያዝ አለባት። ማቆያው 2 ሰዓት ተኩል ላይ የሚከፈት ከሆነ አንድም የእነሱ ልጅ አይመጣበትም፣ ከዚያ «ፈላጊ የለም» ተብሎ ይዘጋል። ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል መከፈት አለበት።

አሁን ወደ ወረቀቱ። በከተማ ዳር የምንሠራ ሰዎች ጊዜያችን የሚያልቀው እዚህ ላይ ነው። ልደት በ90 ቀን ውስጥ መመዝገብ አለበት። ምዝገባው ግን የወላጅ የነዋሪነት መታወቂያ ይጠይቃል፤ በጨረቃ ቤት ወይም በጓሮ ተከራይነት የሚኖር ሰው ደግሞ መታወቂያ የለውም። መታወቂያ የሌላት እናት ሴፍቲኔት ውስጥ አትገባም፣ የጤና መድን አይወጣላትም። በዚህ ላይ የአዲስ አበባና የኦሮሚያ ወሰን አለ። ልጁ የተወለደው አዲስ አበባ ሆስፒታል ነው፣ ቤቱ ሸገር ከተማ ውስጥ ነው፣ አባትየው መታወቂያ ያወጣው ሦስተኛ ቦታ ነው። አንዱ ቢሮ በአማርኛ ይጽፋል፣ ሌላው በአፋን ኦሮሞ፤ ፍርድ ቤት ሲቀርብ ትርጉም ይጠየቃል። ከሆስፒታል የሚሰጠው የልደት ማስታወቂያ ወረቀት ሳይጠፋ ወዲያው ሁለት ቅጂ ይነሳ፤ ዋናው ከቤተሰቡ፣ አንዱ ከድርጅቱ ፋይል ይቀመጥ። በዚህ ቀላል ነገር ወራት የተጓተተ ጉዳይ ብዙ ነው።

ወላጆች ሁለቱም ሲሞቱ የቤተሰብ ሕጉ አሳዳሪነትን በመጀመሪያ ለአያቶች፣ ቀጥሎ አካለ መጠን ላደረሱ ወንድምና እህቶች፣ ከዚያ ለአጎትና ለአክስት ይሰጣል። ሕጉ ቢሰጥም አያትየዋ የፍርድ ቤት ወረቀት ሳትይዝ የሟች ልጇን የባንክ ገንዘብ ማውጣት፣ ለልጅ ልጇ እስከ 18 ዓመት የሚከፈለውን የጡረታ ድርሻ መቀበል አትችልም። ቤተሰብ በእርዳታ ሲኖር የራሱ ገንዘብ ባንክ ተቀምጦ የሚገኝበት ጊዜ አለ። ከለቅሶው 40 ቀን በኋላ ድርጅቱ ሊሠራው የሚገባ የመጀመሪያ ሥራ ሟቹ የት ይሠራ እንደነበር መጠየቅና አያትየዋን ፍርድ ቤት ይዞ መሄድ ነው። ለልብስና ለደብተር የሚሰጠው ከዚህ በኋላ ይደርሳል፤ ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ በአዲስ አበባ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ምገባና ዩኒፎርም ስላለ፣ ወሰኑ በየት በኩል እንደሚያልፍ አውቆ የሌለውን ብቻ መሙላት ይቻላል።

ስለ ሕጉ አንድ ነገር እናንሳ። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የበጎ አድራጎት አዋጅ ከገቢው ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ የሚያገኝ ድርጅት በሕፃናት መብት ላይ እንዳይሠራ ከልክሎ ነበር። ደብተር መስጠት ይቻላል፣ ስለ ልጁ መብት መቆም አይቻልም ማለት ነው። ከወጪው ቢያንስ 70 በመቶው ለሥራው፣ ከ30 በመቶ ያልበለጠው ለአስተዳደር እንዲውል ያዘዘው የ70/30 መመሪያ ደግሞ ቤት ለቤት የሚሄደውን ሠራተኛ የትራንስፖርት ወጪ እንደ አስተዳደር ወጪ ይቆጥር ስለነበር የቤተሰብ አገልግሎትን ከማሳደጊያ በላይ ጎድቷል። አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ያን ከልካይ አንስቶ የአስተዳደር ወጪን በ20 በመቶ ወስኗል። ድርጅት ስትመርጡ «ለሠራተኛ ስንት ትከፍላላችሁ?» ብላችሁ በጥርጣሬ አትመልከቱ፤ በዚህ ሥራ አገልግሎቱ ራሱ ሠራተኛው ነው። አንድ ሠራተኛ 60 ወይም 70 ቤተሰብ ከያዘ ግን ማንንም እየጎበኘ እንዳልሆነ እወቁ።

ተጥሎ የተገኘ ጨቅላ፣ በቤቱ ጥቃት የደረሰበት ልጅ ለጊዜው መጠለያ ያስፈልገዋል፤ ይህን አንክድም። እንዲህ ያለው መጠለያ ትንሽ ይሁን፣ ልጁ በገባበት ቀን የመውጫው ዕቅድ ይጻፍለት። ዘመዱ ከተፈለገ በኋላ ካልተገኘ ወደ አደራ ቤተሰብ ወይም ወደ አገር ውስጥ ጉዲፈቻ ይሂድ። የጉዲፈቻ አድራጊው ዕድሜ ከ25 ዓመት ያላነሰ መሆን አለበት፤ ባልና ሚስት ከሆኑ አንዳቸው ቢሞላ ይበቃል። ውሉን የሚያጸድቀው ፍርድ ቤት ነው፣ ልጁም ከወለዱት ቤተሰብ ጋር ያለው ዝምድና አይቋረጥም። ይህን የመጨረሻውን ነገር የማያውቁ ብዙ ጥንዶች ከልጁ ሲደብቁት ይታያል። ልጁ በ15 ዓመቱ ከጎረቤት ሲሰማው የሚደርሰውን ስብራት ለማስቀረት፣ ነገሩ ገና አፉን ሲፈታ ጀምሮ በቤት ውስጥ ይነገር።

በማሳደጊያ ያደጉትስ? 18 ዓመት ሲሞላቸው መታወቂያ፣ ሙያና የመጀመሪያዎቹ ወራት ኪራይ ያስፈልጋቸዋል። ዝግጅቱ ከ14 ዓመታቸው ይጀመር፤ ገበያ ሄደው ሽንኩርት ይግዙ፣ ታክሲ ይሳፈሩ፣ ወጥ ይሥሩ። ሁሉ ነገር በትሪ የቀረበለት ወጣት ከማሳደጊያው ሲወጣ የወሩ ገንዘብ በሳምንት ያልቅበታል።

ከዝግጅት ክፍሉ የምንጠይቀው አንድ ነገር አለ። የተሰለፉትን ሕፃናት ፊትና ስም ከነሰፈራቸው አታትሙ። ያ ፎቶግራፍ ልጁን የሚከተልበት ትምህርት ቤት አለ፣ የሚያሾፉበት ጓደኞች አሉ፤ ከቤት የሸሸችበት ሰው ጋዜጣውን አይቶ የት እንዳለች የሚያውቅባት ልጅም አለች። በሚቀጥለው በዓል ገጹ ባዶ እንዳይሆን ከፈለጋችሁ ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል የተከፈተ ማቆያ በር ላይ፣ እናቶች ሰርቪስ ሊይዙ ሲሮጡ ከኋላቸው አንሷቸው።

በአዲስ አበባ ዙሪያ በሕፃናትና በቤተሰብ አገልግሎት የምንሠራ ባለሙያዎች